መልሱን የማይናገር ሥዕል፦ የወረቀት ቆረጣ ማስታወሻ ከጅማ

ሰኔ 22

አክስቴ የምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት በክረምቱ ሊታደስ ነው። ግድግዳው ላይ ምን ይሰቀል ሲባል የኔ ስም ተነሣ። "አንተ እኮ ቆራጭ ነህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የምተዳደረው በማስታወቂያ ሥራ ነው። የሱቅ ስም፣ የባጃጅ ጽሑፍ፣ ቡና ጆንያ ላይ የሚታተም ስቴንስል እቆርጣለሁ። ጅማ ውስጥ የጆንያ ስቴንስል የሚያሠራ አይጠፋም። ለልጆች ግን ቆርጬ አላውቅም።

ተስማማን። ልጆቹ የሚዘምሯቸው ግጥሞች ከጥቁር ወረቀት ተቆርጠው ይሰቀላሉ። ግማሾቹ የኛው ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት የሚደግሟቸው። መስከረም ላይ ሲመለሱ ሥራው አልቆ ማየት አለባቸው።

ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ግጥሙ ከየት እንደመጣ ሳላነብ ምላጭ አላነሣም። "በግ" ሲል በግ መቁረጥማ ማን ያቅተዋል?

ሰኔ 25

ዕቃ ለቀማ። መርካቶ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች አዳረስኳቸው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ቀጭን መስመር ሲወጣለት ይልፈሰፈሳል። 300 ግራሙ ደግሞ ምላጭ ይይዛል፤ ጥምዝ ላይ ጠርዙ ይቦጨቃል። የሚስማማኝ 160 ግራም አካባቢ ነው። ከክብደቱም ይልቅ ግን ልቡ ድረስ ጥቁር መሆን አለበት። አንዳንዱ ላዩ ብቻ ጠቁሮ መሐሉ ነጭ ነው። ሲቆረጥ በየጠርዙ ነጭ ክር ያሳያል። መፍትሔው ሱቅ ውስጥ ጥጉን ቀደድ አድርጎ ማየት ነው። ባለሱቁ ከተቆጣ ያቺን ሉክ መግዛት ነው እንግዲህ።

ምላጩ ከዚያ አልተገኘም። በየሱቁ ያለው ከተር ለካርቶን እንጂ ለዓይን ሽፋሽፍት አይሆንም። የተሻለው የሐኪም ምላጭ ነው፤ ቁጥር 11፣ በቁጥር 3 እጀታ። ከሕክምና ዕቃ መሸጫ ገዛሁ። ሻጯ "ዶክተር ነህ እንዴ?" አለችኝ። "የወረቀት" አልኳት። አልሳቀችም።

ከሥር ምን ይነጠፍ? መስተዋት ምላጭ ያዶለዱማል። ካርቶን አንዴ ከተቆረጠ ቦይ ያወጣል፤ ምላጩ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትፈልጉ ወደ ቦዩ ይገባል። የወለል ፕላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭ ገልብጬ ዘረጋሁ። እሱ ይበቃል።

ሰኔ 30

ከሀምፕቲ ደምፕቲ ጀመርኩ። ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ያለው የድሮ ሥዕልም እሱ ነው። እግር ያለው፣ ኮፍያ ያደረገ እንቁላል።

ግጥሙን ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። እንቁላል የሚል ነገር የትም የለም። ግድግዳ ላይ ተቀመጠ፣ ወደቀ፣ የንጉሡ ፈረሶችና ሰዎች መልሰው ሊገጥሙት አልቻሉም። በቃ፣ ይኼው ነው። እንቆቅልሽ ነው እንግዲህ። ወድቆ ከተሰበረ ንጉሥም የማይጠግነው ምንድን ነው? የኛዎቹ እኮ እንቁላልን "በር የሌላት ነጭ ቤት" ብለው ይጠይቃሉ። ይኼንን ስነግራት ጎረቤታችን ወዲያው "ሂቦ!" ብላ በኦሮምኛ ጀመረችልኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንዱንም ሳልመልስላት ቀረሁ።

ታዲያ እንቆቅልሽነቱ የት ሄደ? ሥዕል በላው። እ.ኤ.አ. በ1871 መጨረሻ ለወጣው ለሉዊስ ካሮል ሁለተኛ የአሊስ ተረት መጽሐፍ ጆን ቴኒየል ሥዕል ሲሠራ ያንን እንቁላል ልብስ አልብሶ ግንብ ላይ አስቀመጠው። በጣም ጎበዝ ሠዓሊ ነው፣ አይካድም። ከዚያ ወዲህ ግን ማን ይጠይቃል? መልሱ ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል።

የመድፍ ታሪክም አለ። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ኮልቼስተር ከተማ ስትከበብ ከግንብ የወደቀ ትልቅ መድፍ ነው ይሉታል። ጥሩ ወሬ ነው። ግን ግጥሙ በኅትመት የታየው በ1797 ነው። መድፉን ከግጥሙ ጋር ያገናኙት ደግሞ ከዚያም በጣም ዘግይተው ነው። እኔ መድፍ አልቆርጥም።

ይልቅ የ1797ቱ እትም ሌላ ነገር ሰጠኝ። እሱ ላይ የንጉሡ ፈረሶች የሉም። የሚለው ሰማንያ ሰዎችና ሌላ ሰማንያ ቢሰበሰቡ እንደነበረ ሊያደርጉት አልቻሉም ነው። 160 ሰው ማለት ነው! አንድ ነገር ለመጠገን!

ሥዕሉ እዚያው መጣልኝ። ረጅም ግንብ። አናቱ ላይ ባዶ ቦታ። ከሥሩ 160 ሰው ወደ መሬት ያጎነበሰ። እንቁላሉን ልጆቹ ይፈልጉት።

ሐምሌ 4

160 ሰው አንድ በአንድ መቁረጥ እብደት ነው። ወረቀቱን ወዲህና ወዲያ እያጠፉ በስምንት መደረብ ይሻላል። አንድ ሰው ሲቆረጥ ስምንት ይወጣል። ሃያ ዘለላ ሲሠራ 160 ሞላ። እዚህ ላይ ያ የናቅኩት 80 ግራም ወረቀት ዋጋ አገኘ፤ ወፍራሙ በስምንት ታጥፎ አይቆረጥም።

ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የሰውዬው ሁለት እጆች እጥፋቱ ድረስ መድረስ አለባቸው። እጥፋቱ ላይ ያለው እጅ አይቆረጥም፤ ከተቆረጠ ሰዎቹ ተለያይተው ይረግፋሉ። ሁለተኛ፣ ከታች ያሉት ድርቦች ይንሸራተታሉ። ከሥዕሉ ውጪ ባለው ጠርዝ በስቴፕለር መምታት ነው። ያም ሆኖ ውስጠኞቹ ከውጪዎቹ ትንሽ ይለያሉ፤ አንዱ አንገተ ረጅም፣ አንዱ እግረ ቀጭን። ወደድኩት። ማኅበር ሲሰበሰብ እንደዚህ ነው።

ከዚያ በመቀስ እየዞርኩ ትንሽ ትንሽ አመል ሰጠኋቸው። አንዱ መሰላል ይዟል። አንዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ያወራል። አንዱ የጅማ በርጩማ አምጥቶ ቁጭ ብሏል፤ ሌሎቹ ሲደክሙ እሱ አስተያየት ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይኖር ሥራ ተሠርቶ ያውቃል?

ሐምሌ 9

ዝናብ። ወረቀቱ ተጣመመ። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊሜትር ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። ሐምሌ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ጨርቅ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ወደ ጎን ነው የሚሰፋው፤ ክሮቹ በተኙበት አቅጣጫ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አንድ ሥዕል ላይ ቀጫጭን ረጃጅም መስመር ካለ፣ ወረቀቱን አዙሮ መስመሩን በክሩ አቅጣጫ ማስተኛት ያዋጣል። የክሩን አቅጣጫ ለማወቅ ሉኩን ሳያጥፉ ቀለብስ ማድረግ ነው። በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገፋል። እሺ ሲል የቅልብሱ ጀርባ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው ክሩ የተኛው።

ከዛሬ ጀምሮ የተቆረጠውን ሁሉ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከላይ የጤፍ ማሰሮ ክዳን ጭኜበታለሁ። የምቆርጠውም ቀን ሞቅ ሲል ነው።

ሐምሌ 15

"ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ"። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞሩና መጨረሻ ላይ ይወድቃሉ።

አክስቴ ሥልጠና ላይ የሰማችውን ይዛ መጣች። "ይኼ እኮ የቸነፈር ዘፈን ነው። ጽጌረዳው የቆዳ ሽፍታ፣ አበባው መጥፎ ሽታ መከላከያ፣ ማስነጠሱ በሽታው፣ መውደቁ ሞት" አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያውቀው። የ1665ቱ የለንደን ቸነፈር ነው ይላሉ።

"አክስቴ፣ እስቲ ስሚኝ" አልኳት። ግጥሙ በእንግሊዝ አገር ታትሞ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ ኬት ግሪናዌይ ሥዕል ሠርታለት። ከቸነፈሩ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ እትም ላይ ማስነጠስ የሚባል ነገር የለም። "ዝም! ዝም! ዝም! ዝም!" ነው የሚለው፤ ከዚያ ሁሉም ተንከባለሉ። የቸነፈር ትርጓሜው በሰው አፍ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የልጆችን ግጥም ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት አዮናና ፒተር ኦፒም አልተቀበሉትም።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለች።

"ጨዋታ ነዋ! ይዞራሉ፣ ይወድቃሉ።"

"ያኛው ይሻል ነበር" አለች። ልክ ናት፣ እንደ ወሬ ያኛው ይሻላል። ግን የአራት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ሬሳ መስቀል የፈለገ ካለ ራሱ ይቁረጠው።

አቆራረጡ፦ ክብ ወረቀት በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ፣ በግማሽ፣ በግማሽ። 16 ድርብ ይሆናል። እጥፋቱ ላይ ግማሽ ልጅ ይቆረጣል። ሲዘረጋ ስምንት ሙሉ ልጆች ክብ ሠርተው ይወጣሉ። ውፍረቱ ለምላጭ ይከብዳል፤ ሹል መቀስ ይሻላል። መቀሱ ቆሞ ወረቀቱ ይዞራል እንጂ መቀሱ አይዞርም። ጥቁር ወረቀት ሲታጠፍ ነጣ ያለ መስመር ይተዋል። ከጀርባው ለብ ባለ ካውያ፣ ጨርቅ ደርቦ ማለፍ ነው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይደበዝዛል።

ስምንቱም አንድ ዓይነት ቆመው አየኋቸውና አንዷን ከመሐል ቆርጬ አወጣኋት። በቦታዋ እየወደቀች ያለች ልጅ ለጠፍኩ። ሌሎቹ ገና አላወቁም።

ሐምሌ 21

"ባ ባ ብላክ ሺፕ"፣ ሦስት ጆንያ ሱፍ ያለው የጥቁሩ በግ ግጥም፣ ፈጣን ነበር። የሱፍ ግብር ነው የሚሉ አሉ፤ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1275 የጣለው። ግጥሙ የታተመው ግን በ1744 ገደማ ነው። በመሐል ወደ 470 ዓመት አለ። ያንን ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ የቆየ ሮሮ ያጠራጥራል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። በዚያው 18ኛ ክፍለ ዘመን በወጣ ሌላ እትም ላይ አንዱ ጆንያ ለጌታው፣ አንዱ ለእመቤቲቱ ነው፤ መንገዱ ላይ ለሚያለቅሰው ትንሽ ልጅ ግን ምንም የለውም።

ስለዚህ ሁለት ጆንያ ቆረጥኩ። ሦስተኛው የጆንያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ነው። ልጁ ቀዳዳው አጠገብ ቆሟል። ጆንያዎቹ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ መሰሉ። እጄ የለመደው እሱን ነው፣ ምን ላድርግ።

ሐምሌ 26

የሜሪ በግ። ይኼ መጀመሪያ የታተመበት የሚታወቅ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ሌላ ሰው ነው የጻፈው የሚሉ ቢኖሩም። ሳራ ጆሴፋ ሄል የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1830 አሳተመችው። በ1877 ደግሞ ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ መቅጃውን ሲሞክር የተናገረው ይኼንኑ ግጥም ነው። ያ መሣሪያ ሁሉም ሰው የሚሥለው ትልቅ ቀንድ መሰል መለከት አልነበረውም። በእጅ የሚዞር ሲሊንደር ነበር፣ ላዩ ላይ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት የተጠቀለለበት። ሲሊንደሩን ቆርጬ በጓን ላዩ ላይ አስኬድኳት። እጀታውን የሚያዞረው እጅ ብቻ ይታያል።

ነሐሴ 3

አሁን ወደኛው። አበባየሆሽ።

ሁሉም ሰው አበባውንና የልጃገረዶቹን ቀሚስ ይሥላል። ፖስት ካርዱ ሁሉ እሱ ነው። ግጥሙን ግን ስታዳምጡት ቤት የሌላት ልጅ ናት የምታወራው። "እንኳን ቤትና የለኝም አጥር፣ እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር።" ቀጥሎ ወደ ቤት ስትገባ የእንጀራ እናት ትቆጣለች። በዚያ ሁሉ "ለምለም" መሐል ይኼ አለ! እኛ ስንዘፍነው አንሰማውም፤ ጭብጨባው ይበልጠዋል።

ስለዚህ ሌሊት ነው የምቆርጠው። ሙሉ ጥቁር ሉክ፣ ከታች ሳር ላይ የተጋደመች ልጅ፣ ማዶ የጅሬን ኮረብታ፣ አናቱ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳው ብቻ። የቀረው ሰማይ ነው። ኮከቦቹ ቀዳዳ ናቸው። ከኋላ የአደይ አበባ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ይለጠፋል፤ አበባው በሰማይ በኩል ይግባ።

ኮከብ በምላጭ አይሆንም፣ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በወስፌ በሳሁት። የእናቴ የስፌት ወስፌ ነው። ከፊት ሲበሳ ከኋላ ከንፈር ያወጣል። በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ጀርባውን ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ለትልልቆቹ የጫማ ሠሪ መብሻ ተዋስኩ።

ከዚያ ፊደሉ። ግርጌው ላይ "ለምለም" የሚለው በቀዳዳ እንዲነበብ ፈልጌያለሁ። ስቴንስል የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ "ለ" አያስቸግርም። "ም" ግን ዓይን አላት፤ ዓይኗ ከተቆረጠ ይወድቃል። "ቀ"፣ "ወ"፣ "ዐ" ሁሉ እንደዚህ ናቸው። ከሁሉም የሚያስለቅሱት ኃምሶቹ ናቸው፤ "ቤ" እና "ቴ" እግራቸው ላይ ያቺ ትንሽ ቀለበት አለች። የጆንያ ስቴንስል ላይ ደፈር ብለን ወፍራም ድልድይ፣ ማለትም ዓይኑን የሚይዝ ያልተቆረጠ ወረቀት፣ እንተዋለን፤ ማንም ለውበት አያነበውም። እዚህ ግን ድልድዩ እንደ ቁስል ይታያል። ስለዚህ ድልድዩን የሳር ቅጠል አደረግኩት። የ"ም" ዓይን ከፊደሉ ጠርዝ በቀጭን ሳር ተይዟል። ከሩቅ ፊደሉ ሳር ውስጥ የበቀለ ይመስላል። የዛሬው ሥራ አስደስቶኛል፣ አልደብቅም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ናቸው። ዱላ መሬት ሲመታ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ ዛሬ ምላጭ አይያዝም። ሙልሙል አልነበረኝም፣ በብር ተገላገልኩ።

ግን አዳመጥኳቸው። "ያቺ ድንክ አልጋ አመለኛ፣ ያለ አንድ ሰው አታስተኛ" ሲሉ አንዱ ትንሽዬ ልጅ "አንድ ሰው" ላይ ጣቱን ያወጣል። የሆያ ሆዬን ሥዕል አገኘሁት። አልጋዋ ራሷ ገጸ ባሕርይ ትሁን። አራት እግሯን አንሥታ የተኛውን ሰውዬ ስትገለብጠው። ሰውዬው አየር ላይ ነው፣ ሙልሙሉ ከእጁ አልወጣም።

ነሐሴ 19

የአልጋዋን ሥዕል ጨረስኩ። ሰውዬው ከአልጋዋ ጋር የተያያዘው በአንድ የጋቢው ጥግ ብቻ ነው። አየር ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ መያዝ አለበት፣ ካልተያዘ መሬት ላይ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ ትንንሾቹን ውስጠኛ ቀዳዳዎች፣ መጨረሻ ላይ የውጪውን ጠርዝ። ውጪው ቀድሞ ከተቆረጠ ወረቀቱ የሚያዝበት ቦታ ያጣል።

ነሐሴ 24

ሂርማታ ሰፈር ያለው አናጢ ጋ ሄድኩ። በርጩማ ነው የሚሠራው፤ ክፈፍ ሥራልኝ ስለው ፊቱን አጨማደደ። ከመስተዋቱ እስከ ጀርባው የአንድ ጣት ያህል ጥልቀት እንዲኖረው እንደምፈልግ ነገርኩት። ወረቀቱ ከጀርባው ራቅ ካለ ጥላ ይጥላል፣ ቀጫጭን መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ከተጣበቀ የታተመ ሥዕል ይመስላል፤ ታዲያ ለምን ተቆረጠ?

"ጋሼ፣ ዋንዛ ባይሆንም ይሁን" አልኩት። "ለልጆች ነው አላልከኝም? በዋንዛ ነው" አለኝ። ዋጋውን ግን እንደ ዋንዛ አልጠራውም።

ነሐሴ 28

የመጨረሻው፣ ኩኩሉ። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ዓይኑን የጨፈነው "ኩኩሉ!" ይላል፣ ተደባቂዎቹ "አልነጋም!" ይላሉ። ዶሮ ጮኾ እነሱ የሚክዱበት ሌላ ጨዋታ አላውቅም። ትልቅ አውራ ዶሮ ቆረጥኩ። ልጆቹ ላባው ውስጥ ናቸው። በላባና በላባ መሐል ያለው ቀዳዳ ቀረብ ብለው ሲያዩት የተቀመጠ ልጅ ነው፣ ጉልበት ነው፣ ጭንቅላት ነው። ስንት ልጅ እንዳለ ለአክስቴም አልነገርኳትም።

ጳጉሜን 3

ተሰቀሉ። ቀለሙ ገና ይሸታል። መብራት ስለሄደ አበባየሆሽ ከኋላዋ ብርሃን አላገኘችም፤ መስኮት ያለበት ግድግዳ ላይ አዛወርኳት፤ አሁን የቀን ብርሃን ይበቃታል።

ዘበኛው መሰላሉን ሲይዙልኝ ቆይተው ግንቡና 160ው ሰው ፊት ቆሙ።

"ምን ወድቆባቸው ነው እንዲህ የተሰበሰቡት?"

"እንቆቅልሽ ነው ጋሼ።"

"በል እሺ፣ ምን አውቅልህ።" ዱላቸውን ተደግፈው ተጠጉ። በርጩማ ላይ የተቀመጠውን አይተው ሳቁ። "ንጉሥ ነው የወደቀው?" አይደለም። "ሙሽራ?" አይደለም። "ጣሪያ ሠሪ!" እሱም አይደለም።

"አገር ይስጡኝ ታዲያ።"

ትንሽ አሰቡ። "ጅማንማ አልሰጥህም" አሉ። "አጋሮን ውሰድ።"